ንስሐ ሳትገቡ ለቆያችሁ፦ እንዲህ ጀምሩ

የመኪናው መስታወት ላይ መስቀል ተንጠልጥሏል። ቦርሳ ውስጥ የሚቀባ እምነት አለ፣ ፍሪጅ ውስጥ በሃይላንድ የተቀዳ ጠበል አለ፣ ትራስ ሥር መዝሙረ ዳዊት አለ። ንስሐ የተገባው ግን መቼ ነው? እኔ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሬያለሁ። ጥበቃውን እፈልጋለሁ፣ ኑዛዜውን እሸሻለሁ። ስለዚህ የምጽፈው እንደ መምህር ሳይሆን ዘግይቶ እንደተመለሰ ሰው ነው። የምናገረውም በተዋሕዶ ሥርዓት ነው። ፕሮቴስታንት ወገኖቻችን ለካህን አይናዘዙም፣ እነሱም ቢሆኑ ግን ስርየት በክርስቶስ ደም ነው ይላሉ።

ከሁሉ በፊት ዘጸአት 12ን አውጡና አንብቡ። እስራኤል በጉን አርደው ደሙን በሁለቱ መቃንና በጉበኑ ላይ ቀቡ፣ ቀሳፊውም አለፋቸው። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ መጽሐፉን እንዘጋለን። ቁጥር 22 ላይ ግን እስኪነጋ ማንም ከቤቱ ደጅ እንዳይወጣ ታዟል። ደሙ ያለው በሩ ላይ ነው፣ የሚተርፈው ግን ውስጥ ያለው ነው። በሩን ቀብቶ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ለሚያድር ሰው የተነገረ ተስፋ የለም።

ደሙ የሚቀባው ደግሞ በሂሶጵ ቅጠል ነበር። ዳዊት በቤርሳቤህ ምክንያት ከወደቀ በኋላ በመዝሙር 50 «በሂሶጵ እርጨኝ፥ እነጻማለሁ» ሲል የለመነው በዚሁ ቅጠል ነው። ቤቱን ከሞት ያስጠበቀውም፣ ነፍስ ልትነጻበት የተለመነውም አንድ ቅጠል መሆኑን ሳስተውል ዘጠኙ ዓመት ቆጨኝ። (ዮሐንስ 19 ላይ ለጌታ ሆምጣጤውን ያቀረቡለት በሂሶጵ አድርገው ነው። እንዲያው ተጽፎ የቀረ አይመስለኝም።) ጥበቃውን ብቻ ነጥለን መውሰድ የማንችለው ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር ይግባን። ካህኑ የሚሰጣችሁ ቀኖና፣ ማለትም ጾሙ፣ ስግደቱ፣ ምጽዋቱ፣ የኃጢአት ዋጋ አይደለም። የኮርማና የፍየል ደም ኃጢአትን ማስወገድ እንዳልቻለ ዕብራውያን 10 ይነግረናል፣ ዋጋው ቀራንዮ ላይ አንዴ ተከፍሏል። ቀኖና መድኃኒት ነው። ይህ ያልገባው ሰው ወይ ፈርቶ ይቀራል፣ ወይ ስግደቱን ቆጥሮ ጨረስኩ ብሎ ይኮራል። ሁለቱም አያዋጣም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የንስሐ አባት ከሌላችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆዩና አንድ ካህን ጠጋ ብላችሁ አናግሩ። ዲያቆን ይመክራችሁ ይሆናል፣ አይናዝዝም፤ ቅስና ያለው መሆን አለበት። የቤተሰብ የንስሐ አባት ካሉ ከእሳቸው ብትጀምሩ ይቀላል። እናቴን ያውቋታል ብላችሁ ከተሳቀቃችሁ ሌላ መያዝ ትችላላችሁ፣ ሳትሰናበቱ ግን አትጥፉ። ሁለት ደርቦ መያዝ አይሆንም። ቀለል ያለ ቀኖና የሚሰጡ አባት ታውቃላችሁ ወይ እያሉ ማጠያየቅም ያው ሽሽት ነው።

ከዚያ ወረቀት ያዙ። ስልክ ላይ አትጻፉት፣ ስልክ ይጠፋል፣ ልጅ ይነካካዋል። ዐሥርቱን ትእዛዛት ከፊት አስቀምጡና እያንዳንዷ ላይ ቆም እያላችሁ ጻፉ። የራሳችሁን ብቻ ነው የምትጽፉት። «ባለቤቴ አናዶኝ ነው» የሚለው የእሱ ኑዛዜ ነው፣ ለእሱ ተዉለት። የዝሙት ነገር ከሆነ ድርጊቱን ንገሩ፣ ትረካውን ተዉት። ጠንቋይ ቤት ሄዳችሁ ከነበረ ይህም ይጻፍ፣ ያሠራችሁት ክታብ ካለም ይዛችሁ ሄዳችሁ ለካህኑ አስረክቡ። ሲያበቃ ወረቀቱን አቃጥሉት።

እኔ ወረቀት ሳልይዝ ነው የሄድኩት። አባ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። «ሰው አሳዝኛለሁ» አልኳቸው።

«ማንን?»

«ቤተሰብ።»

«ከቤተሰብ ማንን?»

ላብ አጠመቀኝ። እህቴን ነው። ስድስት ሺህ ብር ተበድሬያት ሦስት ዓመት አልፎታል፣ ስልኳንም እንደ ድሮው አላነሳም። አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው «አሁን ብሩ አለህ?» አሉኝ። አለኝ አልኩ። «እንግዲያ ከፍለህ ና።» የቀረውን የዚያን ቀን አልሰሙኝም። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ መሰላችሁ! እህቴ ብሩን ስሰጣት «ረስቼው ነበር እኮ» አለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ቆጠረችው።

ስለዚህ የሰው ገንዘብ፣ የሰው ዕቃ ወይም የቆየ ኩርፊያ ካለ ከመሄዳችሁ በፊት የቻላችሁትን ጨርሱ። የማትችሉት ካለ ደግሞ አትደብቁ፣ ለካህኑ ንገሯቸው።

ኑዛዜው ራሱ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ትናገራላችሁ፣ ይመክሯችኋል፣ ቀኖና ይሰጧችኋል። ስኳር ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የሌሊት ሥራ ካላችሁ እዚያው ተናገሩ፣ እንደ አቅማችሁ ያደርጉታል። እሺ ብሎ ወስዶ ከመተው ይሻላል። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብላችሁ «ይፍቱኝ አባቴ» ትላላችሁ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሏችኋል። ሥልጣኑ ከዮሐንስ 20፥23 ነው። የሰሙትን ለማንም አይናገሩም።

ስቅለት ላይ ሰግደን ስናበቃ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ቸብ ቸብ አድርጎ ይህን ያህል ስገድ ይለናል፣ ብዙ ሰው የዓመቱን ንስሐ በዚያ የዘጋ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ሥርዓቱን እወደዋለሁ፣ ግን ከኋላ ሰው እየገፋ የዘጠኝ ዓመት ጉድ አይወራም።

አረብ አገር ሆናችሁ ቤተ ክርስቲያን መድረስ ያልቻላችሁ፣ አገር ቤት ላሉት የንስሐ አባታችሁ ደውሉ። ምክሩና ጸሎቱ በስልክ ይደርሳል፣ የቀረው መቼና እንዴት እንደሚሆን እሳቸው ይንገሯችሁ።

ቀኖናው ሲያልቅ ሥጋ ወደሙ አለ። ንስሐ ገብቶ ሳይቆርቡ መቅረት ታጥቦ ማዕድ ሳይቀርቡ እንደመመለስ ነው። ከመቁረባችሁ በፊት 18 ሰዓት ትጾማላችሁ፣ ቅዳሴው ሲጀመርም ትገኛላችሁ። ለመቁረብ ሰዓት ብቻ ዘው ማለት የለም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ መዝሙር 90ን ድገሙ። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» ነው የሚለው። የሚኖር! ሲጨንቀው ብቻ ብቅ የሚል አላለም። ደግሞ ይህን መዝሙር እንደ ክታብ አትያዙት። ሰይጣን ራሱ ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ላይ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው ይህንኑ ነው። ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤልን ስናነግሥ የምናስባቸው ሠለስቱ ደቂቅም ወደ እሳቱ ሲሄዱ አምላካችን ያድነናል፣ ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም ነው ያሉት። ንስሐ ገብታችሁ ሳለ ሕመም ወይም ኪሳራ ቢመጣ፣ አልተቀበለኝም ብላችሁ አትደምድሙ።

ደግማችሁ ከወደቃችሁም ሌላ ዘጠኝ ዓመት አትጠብቁ። ባለፈው ሁዳዴ ይዤው የሄድኩት ወረቀት ላይ ሦስቱ መስመሮች ካቻምና ከተናገርኩት ጋር አንድ ናቸው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳነብ አባ «ይህን ሰምቼዋለሁ» አሉ። ቀና ብዬ ሳያቸው ፈገግ ብለዋል።

«ቀጥል» አሉኝ።