አሮጌ የጀልባ ሞተር፦ ጥፋቱ የሞተሩ ነው ወይስ የአሰቃቀሉ?

የ1950ዎቹ ጆንሰንና ኤቪንሩድ ሞተሮች ብዙ ውስብስብ ነገር የላቸውም፦ አብዛኞቹ ሁለት ሲሊንደር፣ አንድ ካርቡራተርና ማግኔቶ (ያለ ባትሪ ብልጭታ የሚያመነጭ ክፍል) ናቸው። በገመድ የሚነሱት ባትሪ እንኳ አይፈልጉም። ስለዚህ ሞተሩ ሲያስቸግር ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ካርቡራተር ይፈታል። እኔ በእንጨት ጀልባ ላይ መጀመሪያ የማየው ሞተሩ የታሰረበትን የኋላ ጣውላና ፕሮፔለሩን ነው።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አይሄድም

ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። አጭር እግር ያለው ሞተር ለ38 ሴ.ሜ፣ ረጅሙ ለ51 ሴ.ሜ ገደማ ከፍታ ላለው ጣውላ የተሠራ ነው። ይለኩት። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ታችኛ ገጽ ጋር እኩል ወይም 2 ሴ.ሜ ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ ረጅም እግር ሞተር ይፈልጉ፤ ለአንድ ሞተር ተብሎ የአሮጌ ጀልባ ጣውላ አይቆረጥም። በጀልባው ሆድ መሐል የሚሄደው ወፍራም ግንድ እስከ ጫፍ ከደረሰም አረፋ ያለበት ውሃ ወደ ፕሮፔለሩ ይልካል። ጫፉን ወደ ኋላ እያሳሱ መላግ ይረዳል።

ከፍታው ልክ ከሆነ የፕሮፔለሩ እምብርት ላይ ያለው ጎማ እየተንሸራተተ ይሆናል። ከእምብርቱ ወደ ፕሮፔለሩ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ያስምሩና በሙሉ ነዳጅ (ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍተው) ትንሽ ይንዱ። ሲመለሱ መስመሩ ከተላቀቀ ጥፋተኛው ተገኘ። ፕሮፔለሩ ጭራሽ ካልዞረ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ፒን ተሰብሯል። በሚስማር አይተኩት! ፒኑ የሚሰበረው ካምቢዮውን ለማዳን ነው።

ጀልባው ይሄዳል፣ ሞተሩ ግን ዙሩን አይሞላም

ፕሮፔለሩ ከብዶታል። አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ሞተሮች በሙሉ ነዳጅ በደቂቃ ከ4,000 እስከ 4,500 ዙር አካባቢ መድረስ አለባቸው። የፕሮፔለሩን እርምጃ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበትን ርቀት) በ1 ኢንች መቀነስ 200 ዙር ያህል ይጨምራል። ጣና ላይ ይህ ይብሳል፦ ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ያጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተስማማው ፕሮፔለር እዚያ ይከብዳል። ካንዴላው ጠቁሮ ጭሱ ከበዛ የካርቡራተሩን የከፍተኛ ፍጥነት መርፌ ጥቂት ጥቂት ይዝጉ። ብዙ ከዘጉ ፒስተን ይቃጠላል።

ይነሳና ይጠፋል

ወደ ታንኩ የሚሄደው ጎማ ድርብ ከሆነ ሞተሩ የነዳጅ ፓምፕ የለውም፤ ቤንዚኑን የሚገፋው ሞተሩ ራሱ ወደ ታንኩ የሚነፋው አየር ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ አየሩ ያመልጣል፣ ሞተሩም ይጠማል። ጎማውን ይቀይሩ። ክዳኑን ሲከፍቱ ቀስ ብለው ያስተንፍሱት፣ ሲጋራም አይቅረብ።

በአንድ ሲሊንደር ብቻ ይሠራል

የዚያ ዘመን ቦቢናዎች (ለካንዴላው ብልጭታ የሚያመነጩት ጥቅልሎች) መሰንጠቅ ልማዳቸው ነው። የፕላቲኑን (በማግኔቶው ውስጥ እየተከፈተ የሚዘጋውን መገናኛ) ክፍተት 0.5 ሚ.ሜ ያድርጉ። ብልጭታው 6 ሚ.ሜ መዝለል ካልቻለ ቦቢናውን ይቀይሩ።

ይሞቃል ወይም ተጣብቆ ይቆማል

ለዓመታት የቆመ ሞተር ከሆነ ሳያስነሱት የውሃ ፓምፑን ጎማ ይቀይሩ። ዘይቱንም ይጠይቁ፦ በዛሬው 50 ለ1 ልማድ መቀላቀል እነዚህን ሞተሮች ይገድላል። ብዙዎቹ 24 ሊትር ቤንዚን ለ1 ሊትር የጀልባ ሞተር ዘይት ይፈልጋሉ፤ የነሐስ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ያላቸው ደግሞ 16 ለ1። የካምቢዮው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ሲሎቹን ሳይቀይሩ ዘይት ብቻ መለወጥ ብር ማባከን ነው።