ዩቲዩብ የማያቀርብልንን ሰው እንዴት ፈልገን እናዳምጥ?

ዩቲዩብም ሆነ ቲክቶክ የሚያቀርቡልን በአብዛኛው ከዚህ በፊት ያየነውንና የወደድነውን የሚመስል ነገር ነው፤ ስለዚህ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ የሌላውን ሕዝብ ድምፅ መስማት የሚፈልግ ሰው እስኪመጣለት ከመጠበቅ ይልቅ ራሱ ሄዶ መፈለግ ይኖርበታል።

መጀመሪያ ለዚህ ብቻ የሚያገለግል ሌላ አካውንት ይክፈቱ። የነባሩን የዕይታ ታሪክ ማጥፋትም ይቻላል፤ ይሁንና ልማዳችን ቶሎ መልሶ ስለሚሞላው አዲሱ ይሻላል።

ቀጥሎ ከቤትዎ የሚያውቁትን አንድ ሥራ ይምረጡ። «የህንድ ባህል» ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚያጋጥመው ብዙውን ጊዜ ለጎብኚ የተሰናዳ ጭፈራ ሲሆን፣ ሥራን ይዞ የሚሄድ ግን ሠሪውን ያገኛል። የቆቦ ወይም የቃሉ ማሽላ አምራች ልጅ ከሆኑ፣ በምዕራብ ህንድ የማሃራሽትራ ገበሬም ማሽላ ያመርታል፤ ከዱቄቱም ባክሪ የሚባል ቂጣ ይጋገራል። በናይጄሪያና በኒጀር ያሉ የሐውሳ ገበሬዎችም እንደ ወሎ ገበሬ ከአቀንጭራ አረም ጋር ይታገላሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ፍለጋውን በእነሱ ቋንቋ ማድረግ ነው። በጉግል መተርጎሚያ ላይ «የማሽላ ቂጣ አጋገር» ብለው ይጻፉና ወደ ማሃራሽትራ ቋንቋ ወደ ማራቲ ይለውጡት። የወጣውን ኮፒ ከማድረግዎ በፊት መልሰው ወደ አማርኛ ይተርጉሙት፤ ማሽላው በቆሎ ሆኖ ከተመለሰ ቃሉን ይቀይሩ። ከዚያ በዩቲዩብ መፈለጊያ ላይ ሲለጥፉት፣ በአማርኛ ቢፈልጉ የማይወጡ ቪዲዮዎች ይመጣሉ፦ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ሊጡን በመዳፋቸው እየጠፈጠፉ ስለ ዘንድሮው ዝናብ የሚያወሩ እናቶች ጭምር።

ቪዲዮው የግርጌ ጽሑፍ ካለው፣ በማስተካከያው ውስጥ ወደ አማርኛ እንዲተረጎም ያዙት። ትርጉሙ ይንገዳገዳል፤ ቀልድና ተረትማ ጨርሶ ያበላሻል። የሚያስቆጣ ነገር ካነበቡ በተናጋሪው ላይ ከመፍረድዎ በፊት መተርጎሚያውን ይጠርጥሩ።

ለዳታ የሚሳሱ ከሆነ ሬዲዮ ጋርደንን ይሞክሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ይህ አገልግሎት በስልኩ ላይ የሚታየውን የምድር ሉል በጣት እያዞሩ በየከተማው ያሉትን ጣቢያዎች በቀጥታ የሚያስደምጥ ሲሆን፣ ከቪዲዮ ያነሰ ዳታ ይበላል። ቋንቋው ባይገባም ዜማው አይጠፋም።

ሩቁን ሲያስቡ ጎረቤትን መዝለል ግን ነውር ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ ከአፋር ነጋዴ ጋር ዋጋ ተከራክሮ ተስማምቶ የሚመለስ ስንቱ፣ የዚያን ነጋዴ ወገን ስለ ራሱ ኑሮ ሲናገር በስልኩ ሰምቶ አያውቅም! ጉግል አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኦሮምኛን በ2022፣ አፋርኛን ደግሞ በ2024 ስለጨመረ ከላይ የተባለው የፍለጋ መንገድ ለእነዚህም ይሠራል።

ቻናል ሲመርጡ ተናጋሪው የሚያወራው ስለ ራሱ ኑሮ ነው ወይስ ስለ ሌሎች የሚለውን ይለዩ፤ ስለ ሌሎች የሚያወራውን ለጊዜው ይተዉት። አስተያየት መጻፍ ሲፈልጉም ተረትና ምሳሌ የሌለበት አንድ አጭር ጥያቄ ይበቃል፤ አጭር ዓረፍተ ነገር በመተርጎሚያ ሲያልፍ ብዙም አይዛባም፤ ስለ ሥራው የተጠየቀ ሰውም መልስ መስጠት አይከብደውም።