ውድ ላፕቶፖችን ስናወዳድር፦ በኋላ ከማይቀየረው እንጀምር

ውድ ላፕቶፖችን ጎን ለጎን አድርጎ የሚመርጥ ሰው፣ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ ከተጻፈው የፕሮሰሰር ስም በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ ዕቃው ከተገዛ በኋላ ሊቀየር የማይችለው ክፍል የትኛው እንደሆነ ነው። ለማነጻጸሪያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 ለገበያ የቀረቡ ሦስት ሞዴሎችን እንውሰድ፤ ባለ 13 ኢንቹን የአፕል ማክቡክ ኤር ኤም3፣ ዴል ኤክስፒኤስ 13 (ሞዴል 9340) እና ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን 12ኛ ትውልድ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ለጊዜው የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ) ነው። በማክቡኩ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የታሸገ ሲሆን፣ በሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ማዘርቦርዱ (ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ ተበይዷል፤ ስለዚህ በሦስቱም ላይ በኋላ መጨመር አይቻልም። ከ16 ጊጋባይት በታች የሆነውን ባይገዙ ይመረጣል። ማክቡክ ኤር ኤም3 መጀመሪያ ሲወጣ መነሻው 8 ጊጋባይት ነበር፤ አፕል ወደ 16 ያሳደገው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ በመሆኑ፣ በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ገበያ ላይ አሉ። የኤክስ1 ካርቦን ኤስኤስዲ (ፋይሎች የሚቀመጡበት ማከማቻ) ተፈቶ በትልቅ ሊተካ ሲችል፣ የማክቡኩ ግን አይቻልም፤ የማክቡክ ገዢ የማከማቻውን መጠንም በግዢው ዕለት መወሰን አለበት።

ፕሮሰሰርን በስሙ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የተገጠመላቸው ሁለት ላፕቶፖች እንኳ በሚሰጠው ዋትና በማቀዝቀዣቸው ብቃት ምክንያት በፍጥነት ይለያያሉ። ማክቡክ ኤር ጭራሹኑ ፋን የለውም። ይህ ድምፅ አልባ ያደርገዋል፤ ረጅም ቪዲዮ ሲያቀናብሩበት ግን ሙቀቱን ለመቀነስ ራሱ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል። በመሆኑም የአንድ ደቂቃ የፍጥነት ፈተና ሳይሆን ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሥራ ላይ የተገኘውን ውጤት ይመልከቱ።

በክብደት ሦስቱም ከ1.1 እስከ 1.25 ኪሎ ግራም አካባቢ ስለሆኑ ብዙም አያከራክሩም። የዲዛይን ልዩነት በእርግጥ የሚሰማው ኪቦርዱ ላይ ነው። ኤክስፒኤሱ ከላይ ባለው መስመር የሚጫን ቁልፍ ሳይሆን በመነካት የሚሠራ ብርሃን አለው፤ የመዳፊት ሰሌዳውም ጠርዙ አይታይም። ፎቶው ላይ እጅግ ያምራል፤ በእኔ ግምት ግን ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ውበቱ ድካሙን አይክስም። በአማርኛ ስንጽፍ አንዱን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ስለምንነካ፣ ሱቁ ውስጥ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ሳይጽፉ አይወስኑ።

በፖርት (ሌሎች ዕቃዎች በሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች) በኩል ቲንክፓዱ ይበልጣል። ሁለት ተንደርቦልት 4 (ቻርጅም ፈጣን የመረጃ ዝውውርም የሚያስተናግዱ ትንንሽ ፖርቶች)፣ ሁለት ለተለመደው ፍላሽ የሚሆኑ ሰፋፊ ዩኤስቢዎች እና ፕሮጀክተር የሚሰካበት ኤችዲኤምአይ አለው። ኤክስፒኤሱ ሁለት ተንደርቦልት ብቻ ሲኖረው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ እንኳ የለውም፤ በአንዱ ቻርጅ ሲያደርጉ የሚቀረው አንድ ነው። ማክቡኩ በማግኔት በሚጣበቅ ቻርጀር ስለሚሠራ ሁለቱም ፖርቶቹ ነጻ ይሆናሉ፤ ፍላሽና ፕሮጀክተር ለመሰካት ግን አስማሚ ይጠይቃል።

ባትሪያቸው ከላይ በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል 52.6፣ 55 እና 57 ዋት ሰዓት በመሆኑ ተቀራራቢ ነው፤ ሆኖም ማክቡኩ ኃይል ቆጣቢ በሆነው ፕሮሰሰሩ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ኦሌድ ስክሪን (እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራበት) ከመረጡ ጥቁሩ የጠለቀ ይሆናል፤ ነጭ ገጽ ላይ ሲሠሩበት ግን ባትሪ ይበላል። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ፣ አገር ቤት የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው።

ያገለገለ ሲገዙ ማክቡኩን ሻጩ ፊት ውስጡ ያለውን መረጃ በሙሉ ሰርዘው እንደ አዲስ ያስጀምሩት፤ የቀድሞ ባለቤቱን አካውንት ወይም የአንድ ድርጅት አስተዳደር ገጽ ካመጣ አይውሰዱት። ቲንክፓዱን ደግሞ ሲያበሩ ኤፍ1 ተጭነው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ ይግቡ፤ ሻጩ የማያውቀው ፓስወርድ ከጠየቀ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።