ኮርንዎል «የእህል ግንብ» አይደለም፦ የእንግሊዝ ቦታ ስም ሲፈታ

ለገሀር አካባቢ አንዲት ጠባብ ትርጉም ቤት አለችኝ። የልደት ካርድ፣ ውክልና፣ ትራንስክሪፕት ነው ሥራችን። አንዲት ልጅ ከእንግሊዝ የመጣላትን ደብዳቤ ይዛ መጣች። አድራሻው ኮርንዎል ይላል። «ጋሼ፣ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ አላውቅም ማለት አልወድም። «ኮርን እህል፣ ዎል ግንብ። የእህል ግንብ ነዋ!» አልኳት። ማታ መዝገበ ቃላት ገልጬ ሳይ አፈርኩ።

እናንተ እንዳትሸወዱ፣ ስሙን በዛሬ ጆሮ አትሰንጥቁት። ይኸው ሰፈሬን እዩት። የለገጣፎና የለገዳዲ «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። በዚህ ሂሳብ ለገሀርም ወንዝ ሊሆን ነው። ግን የፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያው።

ከዚያ የጥንቱን አጻጻፍ ፈልጉ። ጥሩ የቦታ ስም መዝገበ ቃላት ከስሙ ቀጥሎ የድሮውን አጻጻፍ ከነዓመቱ ያስቀምጣል። የእንግሊዞች የድሮ ዜና መዋዕል እ.ኤ.አ. በ891 ሦስት አየርላንዳውያን መቅዘፊያ በሌላት ጀልባ ተነስተው፣ ከሰባት ሌሊት በኋላ «ኮርንዋሉም» ደረሱ ይላል። (መቅዘፊያ ሳይዙ! ወይ እምነት!) ታዲያ ግንቡ የታለ? ቃሉ የሕዝብ ስም ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ዋሉም» «ዌያላስ» የሚለው ቃል ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ባዕዳን ማለት ነው። እንግሊዞች ከእነሱ በፊት ደሴቲቱ ላይ የነበሩትን ነው እንዲህ ያሏቸው። በገዛ አገራቸው ባዕድ! ዌልስም ከዚሁ ቃል ነው የወጣው።

«ኮርን» ቀረን። እዚህ ላይ የአገሬውን ሰው ቋንቋ ጠይቁ። ኮርንዎሎች ራሳቸው አገራቸውን ከርኖው ይሏታል። ሥሩ ቀንድ ነው። ስልካችሁ ላይ የእንግሊዝን ካርታ ክፈቱ፤ ኮርንዎል ያለበት ደቡብ ምዕራቡ ጫፍ ባሕሩ ውስጥ ሾሎ ገብቷል። የአፍሪካ ቀንድ ለምንባል ለእኛ ይሄ አይከብድም። ግዕዙም ቀንድን «ቀርን» ይለዋል፤ ግን ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ ነው ብላችሁ እንዳትሮጡ። እኔን ያዋረደኝ ይኸው ችኮላ ነው።

ልጅቷ ሰነዷን ልትወስድ ስትመጣ አረምኩላት፦ «ቀንዱ ላይ ያሉ ባዕዳን» አልኳት።

ሳቀች። «እንግዲያ እኔ ስሄድ ስሙ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ በሉኛ!»