የሕግ ኢንተርንሺፕ ውጭ አገር፦ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት የሚሠራው ሥራ

ማመልከቻውን ትከፍታላችሁ። ስም፣ ትምህርት፣ ቋንቋ እያላችሁ ትሞላላችሁ። ከዚያ «የጽሑፍ ናሙና ያያይዙ» የሚል ቦታ ይመጣል። ብዙ ጎበዝ የሕግ ተማሪ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው። በእጁ ያለው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ረጅም ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ነገ ማታ ነው።

እኔም እንዲህ ያለ ማታ አሳልፌያለሁ። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ይኼ ነው፦ ውጭ አገር የሕግ ኢንተርንሺፕ የሚገኘው ማስታወቂያው በወጣበት ሳምንት ሳይሆን ከዓመት በፊት እዚሁ አገር ቤት በተሠራ ሥራ ነው። ቀጥሎ ያለውን በቅደም ተከተል ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። አራተኛ ወይም አምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ከሆናችሁ ዛሬ ጀምሩ። ከተመረቃችሁም አልረፈደም፤ ግን ፍጠኑ።

1. ቦታውን በስሙ ሳይሆን በደንቡ ምረጡ

ሁሉም ሰው ሄግ (ኔዘርላንድስ) ይላል። ሄግ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ፍርድ ቤቶች አሉ፤ በራቸውም የሚከፈተው በተለያየ መንገድ ነው።

ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት አገሮች እርስ በርስ የሚካሰሱበት ነው። ወጣት የሕግ ባለሙያዎች ከአንድ ዳኛ ጋር ለአሥር ወር ያህል የሚሠሩበት ፕሮግራም አለው። እዚህ ራሳችሁ አታመለክቱም፤ የሚያጭያችሁ ዩኒቨርሲቲያችሁ ነው። ወጪውንም በተለምዶ የሚሸፍነው ያጨው ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ለእኛ ዓይነቱ ተማሪ በሩን ዘግቶት ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ግን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከታዳጊ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ለሚመጡ ዕጩዎች የድጋፍ ፈንድ እንዲቋቋም ወስኗል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ዲናችሁ ቢሮ ሄዶ «ዩኒቨርሲቲያችን ዕጩ ልኮ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ልኮ ካላወቀ ጥሪውን አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ደግሞ ግለሰቦችን የሚዳኝ ነው። ኢንተርንሺፑ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነው፤ በመደበኛነትም አይከፈልበትም። የድጋፍ ገንዘብ ያለባቸው ቦታዎች አልፎ አልፎ ይወጣሉ። ኢትዮጵያ ይህን ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት አባል እንዳልሆነች ግን አትርሱ። የድጋፉን ማስታወቂያ ስታነቡ ቅድሚያ የዜግነቷን መስመር ፈልጉ። ያችን መስመር ሳያይ ሁለት ሳምንት የደከመ ሰው አውቃለሁ።

ለእኔ ግን ብዙ ሰው የሚዘላቸው የአፍሪካ ተቋማት የተሻሉ ናቸው። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ሥራ የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ነበር፤ በዓመቱ ወደ አሩሻ፣ ታንዛኒያ ተዛወረ። በዚሁ ስም የሚጠራው የመብቶች ኮሚሽን ደግሞ ባንጁል፣ ጋምቢያ ነው። ሁለቱም የሚሠሩበት የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ኢትዮጵያ የተቀበለችው ነው። እዚያ የምታገኙት መዝገብ ከአገራችሁ ችግር ጋር ይመሳሰላል፦ ከሥራ የተባረረ ሰው፣ ጠበቃ ሳይቆምለት የተፈረደበት እስረኛ፣ ከመሬቱ የተነቀለ ማኅበረሰብ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትሉት ነገር ይኖራችኋል።

ንግድ ሕግ ለምትወዱ ጄኔቭ ያለው የዓለም ንግድ ድርጅት አለ። የሚቀበለው የአባል አገሮችንና በአባልነት ድርድር ላይ ያሉ አገሮችን ዜጎች ነው። ኢትዮጵያ ያመለከተችው በ2003 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በሩ ለእኛም ክፍት ነው። የቀን አበል ይከፍላል። ግን ቢያንስ አንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይጠይቃል።

በተባበሩት መንግሥታት ሴክሬታሪያት (በዋና ጸሐፊው) ሥር ያሉ ጽሕፈት ቤቶች አይከፍሉም። የጊዜ ገደባቸውም ጥብቅ ነው፦ ወይ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ የመጨረሻ ዓመት ላይ መሆን አለባችሁ፣ ወይ ሁለተኛ ዲግሪ እየተማራችሁ፣ ወይ ከተመረቃችሁ አንድ ዓመት ያልሞላችሁ። አምስተኛ ዓመት ላይ ያለ የሕግ ተማሪ ያሟላል። ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ የፈለገ ሰው ግን አልፎበታል። ቀኑን አሁኑኑ አስሉ።

2. ገንዘቡን በዩሮ ወይም በዶላር አስሉ

ብሩ ዛሬ ያለበት ቦታ ነገ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ወጪውን በአገሩ ገንዘብ ጻፉ፦ የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛ፣ የጤና መድን፣ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ምግብ። ከሁሉም የሚከብደው ኪራዩ ነው፤ በተለይ ሄግና ጄኔቭ። አሩሻ በጣም ይቀላል። ድምሩ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ የሚከት ከሆነ ሌላ ቦታ ምረጡ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ማንም ወላጅ ለስድስት ወር ነፃ ሥራ ብሎ ከብቱን መሸጥ የለበትም።

3. የጽሑፍ ናሙናውን ከዛሬ ጀምራችሁ ጻፉ

እዚህ ላይ ረጋ ልበል፤ የሚያስገባችሁ ይኼ ነውና።

ጥሩ ናሙና አጭር ነው፤ ከአምስት እስከ አሥር ገጽ ይበቃል። አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሳል፣ ለዚያ ይመልሳል። ርዕስ ፍለጋ ኒውዮርክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎች ታትመዋል፤ አስገዳጅም ናቸው። ውጭ ሆኖ ማመልከቻ የሚመርጠው ሰው አንብቧቸው አያውቅም። ያ ለእናንተ ጥቅም ነው።

ለምሳሌ በ2000 ዓ.ም. የተወሰነውን የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 ውሰዱ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳድጋዋለች። አባት መጥቶ ልጄን አምጪ አለ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ለአባት ወሰኑ። ሰበር ግን ሻረው፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን አንቀጽ 3 ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ይቀድማል አለ።

አሁን ጥያቄ አንሱ። ኮንቬንሽኑን ኢትዮጵያ ተቀብላለች፣ ሙሉ ቃሉ ግን በነጋሪት ጋዜጣ አልታተመም። ታዲያ ዳኛ እንዴት ይጠቀምበታል? ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ይህን ይፈቅዳል? መብቶች ከዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው ይተርጎሙ የሚለው አንቀጽ 13(2)ስ? በእንግሊዝኛ እንዲህ አቀናብሩት፦ ጥያቄው በሁለት መስመር፣ መልሱ በአንድ አጭር አንቀጽ፣ ፍሬ ነገሩ በግማሽ ገጽ፣ ቀሪው ትንተና። በአንዱ ክፍል ለተቃራኒው ወገን ከልባችሁ ተከራከሩለት። የግርጌ ማስታወሻው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይኑረው። ኢንተርን ሆናችሁ ስትገቡ የሚሰጣችሁ ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ መዝገብ ማሳጠር፣ አንድ የሕግ ነጥብ ፈልጎ ማስታወሻ መጻፍ፣ ጥቅሶችን አንድ በአንድ ማጣራት።

ከጨረሳችሁ በኋላ ሕግ ለማያውቅ ሰው አስነብቡት። እሱ ካልገባው መራጩም ይደክመዋል።

4. ወረቀቱ

እንዳትቀልዱበት። ጎበዝ ሰው በወረቀት ሲቀር አይቻለሁ።

ተመራቂ ከሆናችሁ ኮስት ሼሪንግ ሳይዘጋ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ማውጣት እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ቅጂ) ይበቃ እንደሆነ ለሚቀበሏችሁ ሰዎች በኢሜይል ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለማመልከቻ ደረጃ ይበቃል። ኦፊሺያሉ የግድ ከሆነ ግን ሬጅስትራር ቀድማችሁ ሂዱ። እኔ የሄድኩበት ሬጅስትራር ሦስት ጊዜ «ነገ ና» ብሎኛል፤ አራተኛው ነገ ማመልከቻው የተዘጋበት ቀን ነበር።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል። መመሪያችሁ ፓስፖርታችሁ ይሁን፤ እሱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ። ፀሐይ፣ ፀጋዬ የሚባል ሰው የስሙ «ፀ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ይህን አሁኑኑ አስተካክሉ። ቀኑንም እንዲሁ። 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ቅጹ ላይ 2015 ብሎ ቢጽፍ ፈረንጁ ከእውነቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ አድርጎ ያየዋል። ወደ 2023 ቀይሩት፤ በሲቪያችሁም ላይ።

5. የማመልከቻ ደብዳቤውና የድጋፍ ደብዳቤው

«ከልጅነቴ ጀምሮ ፍትሕን እወድ ነበር» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህን ሁሉም ይጽፈዋል። የሚቀበላችሁ ተቋም የሚሠራውን አንድ ሥራ ከምታውቁት አንድ ነገር ጋር አገናኙ።

ሄግ ላለው የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሆነ ለኢትዮጵያዊ ትልቅ ርዕስ አለ። በ1960 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ የዛሬዋን ናሚቢያ አስመልክተው ደቡብ አፍሪካን እዚያው ከሰሱ። በ1966 ድምፁ ሰባት ለሰባት ሆነ፤ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ከሳሾቹ ይህን ለመጠየቅ የሚያበቃ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተብሎ ክሱ ወደቀ። በ1971 ግን ያው ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት ደቡብ አፍሪካ እዚያ መቆየቷ ሕገወጥ ነው አለ። እነዚህን ሁለት ውሳኔዎች አንብቦ ስለ ከሳሽነት መብት ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ማመልከቻው ይነበባል።

የድጋፍ ደብዳቤ ከታዋቂ ሰው አትፈልጉ። ሥራችሁን ካየ መምህር ፈልጉ፤ ሙት ኮርት (የተማሪዎች የማስመሰያ ችሎት ክርክር) ላይ ያሠለጠናችሁ ወይም ጽሑፋችሁን ያረመው ይሻላል። ከሦስት ሳምንት በፊት ንገሩት፤ ሲቪያችሁንና ናሙናችሁንም ላኩለት።

ፈረንሳይኛ ካላችሁ ጻፉት፤ ከሌላችሁ ጀምሩ። ሄግም አሩሻም ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ የሚፈለገው እሱ ነው። አዲስ አበባ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ አለ።

6. ቪዛና ደላላ

የመቀበያ ደብዳቤው ሲመጣ የቪዛውን ዓይነት ተቋሙን ጠይቁ። በቱሪስት ቪዛ ሄዶ የሕግ ቢሮ ውስጥ መሥራት በብዙ አገር ሕግ መጣስ ነው። የሕግ ባለሙያ ሆኖ ለመኖር ለሚያስብ ሰው ደግሞ ይህ መዝገቡ ላይ የሚቀር እድፍ ነው። ሼንገን አገር ከ90 ቀን በላይ ከሆነ የአጭር ጊዜው ቪዛ አይበቃም፤ ቀድማችሁ ጀምሩ።

ገንዘብ ክፈሉና ኢንተርንሺፕ እናስገኛለን የሚል ካለ ስልኩን ዝጉት። የተባበሩት መንግሥታት በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ላይ ክፍያ አይጠይቅም። ከእናንተ ገንዘብ የሚጠይቅ «ፍርድ ቤት» ፍርድ ቤት አይደለም።

7. እዚያ ስትደርሱ

ምስጢር ጠብቁ። የመዝገብ ወረቀት ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ በዚያው ቀን ሊያስባርር ይችላል።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አጽፉ። ደብዳቤው የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ቀን፣ ሙሉ ጊዜ መሆኑን፣ የሠራችሁትን ሥራ ዝርዝር ይያዝ። አገር ቤት ሲገባ ቀጣሪው «ግብር የተከፈለበት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስታይፔንድ (አበል) ከነበረ መጠኑ ይጻፍ፣ ካልነበረም ያለ ክፍያ መሆኑ በግልጽ ይቀመጥ። የሥራ ኃላፊያችሁንም የግል ኢሜይል ጠይቁ፤ ቢሮው የሰጣችሁ ኢሜይል በመጨረሻው ቀን ማታ ይዘጋል።