ወደ ዱር ሲወጡ የሚለበስ ጃኬት፦ ከመግዛትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራና መንገዱ ሲደርቅ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ወይም ወደ ባሌ ለመውጣት የሚያስቡ ሰዎች ስለ ጃኬት ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ የዱር እንስሳትንና አዕዋፍን ፎቶ ለማንሳት የሚወጡ ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ፈቃድ ካላቸው አዳኞች ጋር ለሥራ የሚጓዙ ናቸው። የሁሉም ፍላጎት ግን አንድ ነው፤ ጠዋት በሚበርድና ቀን በሚሞቅ አየር፣ ሳይጨነቁና ሳይታወቁ እንስሳው አጠገብ መድረስ። ከፒያሳ እስከ መርካቶ ያሉትን ሱቆች ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስዞር ደጋግሜ የታዘብኩት ነገር አለ። ገዢው ጃኬቱን የሚመርጠው በዓይኑ ነው፤ እንስሳው ግን ያንን ጃኬት የሚያውቀው በጆሮው፣ በአፍንጫውና ከእኛ በተለየ ዓይኑ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ልዩነት የሚመነጩ ናቸው።

የወታደር ሬንጀር መግዛት

ከሁሉ አስቀድሞ መወገድ ያለበት ስህተት ይህ ነው። በሰልባጅ ክምር ውስጥ ዥጉርጉር የሆነ የወታደር ልብስ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ጨርቁ ጠንካራ፣ ዋጋው ቅናሽ ስለሆነም ያጓጓል። ነገር ግን የመከላከያ ሠራዊትን የደንብ ልብስ ያለ ሥልጣን መልበስ በሕግ ያስጠይቃል፤ የሌላ አገር ጦር ልብስ ቢሆን እንኳ በየኬላው የሚቆም ፈታሽ ልዩነቱን በሩቁ እንዲለይልዎ መጠበቅ የለብዎትም። እንስሳ ለማየት የወጣ ሰው ጠዋቱን ሙሉ ማንነቱን ሲያስረዳ ቢውል ጉዞው ከንቱ ይሆናል። አደንም ቢሆን በሕግ መሠረት በፈቃድ ብቻ የሚከናወን ስለሆነ፣ ልብሱ ለማንም መብት አይሰጥም።

ደግነቱ ዥጉርጉር ልብስ ግዴታ አይደለም። የወይራ ቅጠል የመሰለ ደብዛዛ አረንጓዴ፣ ካኪ፣ የአፈር ወይም የደረቀ ሣር ቀለም ያለው ተራ ጃኬት ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ዥጉርጉር የግድ ካስፈለገዎት ቅጠልና ግንድ የታተመበትን የሲቪል የአደን ልብስ ይምረጡ። በዚያም ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ሥዕሉ በጣም ደቃቅ ከሆነ ከ30 እና ከ40 ሜትር ርቀት በኋላ ተዋህዶ አንድ ወጥ ጥቁር እብጠት ይመስላል። የሰውነትን ቅርጽ የሚሰብረው ደማቅና ደብዛዛ ቀለም የተፈራረቀበት ሰፋፊ ዝንጉርጉር ነው። ጃኬቱን ሱቁ ውስጥ በክንድ ርቀት ከማየት ይልቅ ሌላ ሰው ይልበሰውና መንገዱን ተሻግረው ይመልከቱት።

በሰው ዓይን ቀለም መምረጥ

ሰው ቀለም የሚለየው ዓይኑ ውስጥ ባሉ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ነው። ድኩላ፣ አጋዘን፣ ሳላና ሌሎች ባለ ሰኮና እንስሳት ግን ሁለት ዓይነት ብቻ ነው ያላቸው፤ ስለዚህ ቀይንና ብርቱካናማን ከአረንጓዴና ከቡናማ ለይተው አያዩም። በአንዳንድ የውጭ አገሮች አዳኞች እርስ በርስ እንዳይጎዳዱ በሕግ ተገደው ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ እየለበሱ አድነው የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ሰማያዊ ለእነዚህ እንስሳት ጎልቶ ይታያቸዋል።

እዚህ ላይ ነው የከተማችን ሰው የሚሳሳተው። ቀይ ክር ያለበትን ጃኬት «ይታያል» ብሎ ይመልስና፣ ጂንስ ሱሪውንና ጥቁር ሰማያዊ ሹራቡን ለብሶ ይወጣል። የጂንስ ሰማያዊ ለአጋዘን ዓይን ከቀይ ክር ይልቅ እጅግ የጎላ ነው። ወደ ጊቤ ወይም ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ደግሞ ሌላም ምክንያት አለው፤ የፄፄ ዝንብ በሰማያዊና በጥቁር ቀለም ይሳባል፤ ዝንቡን ለመያዝ የሚዘጋጁት ወጥመዶች ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ የሚሠሩትም ለዚሁ ነው።

ለወፍ የሚወጣ ሰው ሒሳቡን እንደገና መሥራት አለበት። አብዛኞቹ አዕዋፍ አራት ዓይነት የቀለም ሕዋሳት ስላላቸው ከእኛ የተሻለ እንጂ ያነሰ ቀለም አያዩም። ለአጋዘን የማይታየው ብርቱካናማ ለወፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ሁለቱንም ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ደብዛዛ የአፈር ቀለም ማዘንበሉ ይበጀዋል። ወቅቱንም ያስቡበት። በመስከረም ለምለም የነበረው ሣር በታኅሣሥ ገለባ ይሆናል፤ አዋሽ ፓርክ ውስጥ በጥር የሚለበስ ጥልቅ አረንጓዴ ጃኬት ከደረቁ ሣር መካከል ተለይቶ ይታያል። ገበያ ላይ ያሉት ዥጉርጉር ጃኬቶች አብዛኞቹ ለሌላ አገር ደን የተሣሉ ናቸውና፣ ቅጠሉ ማማሩን ሳይሆን የሚሄዱበትን ቦታ መምሰሉን ያረጋግጡ።

የጨርቁን ድምፅ አለማድመጥ

ይህን ስህተት እኔው ሠርቼዋለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። የመጀመሪያውን የዱር ጃኬቴን ከመርካቶ ገዝቼ ባሌ ተራሮች፣ ዲንሾ አጠገብ ወዳለው የጋይሳይ ሜዳ ሄድኩ። እዚያ የምፈልገው የደጋ አጋዘንን ነበር፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኝ፣ የሳይንስ ዓለም በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ብቻ ያወቀው እንስሳ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሣ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ ወንድ ከኮሶ ዛፎች ሥር ወጥቶ ቆመ። ነፋሱ ወደ እኔ ይነፍስ ነበር፤ አላየኝም፤ አላሸተተኝምም። ካሜራዬን ለማንሳት ክንዴን ሳጥፍ የእጅጌዬ ናይለን ከጎኔ ጋር ተፋትጎ «ሽው» አለ። ጆሮዎቹ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሁለተኛውን «ሽው» አልጠበቀም።

ከዚያ ወዲህ ጃኬት ስገዛ ቀለሙን ከማየቴ በፊት አዳምጠዋለሁ። ከመንገዱ ጫጫታ ራቅ ወዳለ የሱቁ ጥግ ገብቼ ሁለቱን እጅጌዎች ጆሮዬ ሥር አፋትጋለሁ፤ ቀጥሎ ለብሼው ክንዴን ዓይኔ ድረስ አነሣለሁ፤ አጎነብሳለሁ፤ በመጨረሻ ጨርቁን በጥፍሬ እፍቃለሁ፤ የቁጥቋጦ እሾህ የሚያደርገው ይህንኑ ነውና። ፊቱ ለስላሳ ጸጉር ያለው ፍሊስ፣ ሱፍና የተቦረሸ ፖሊስተር አይንኮሻኮሹም። ደረቅ ናይለንና አንጸባራቂ ፕላስቲክ መሰል ጨርቅ ይንኮሻኮሻሉ፤ ብርድ ሲነካቸው ደግሞ ይብሳሉ። ኪስና አንገት ላይ ያለው ቬልክሮ (ተጣብቆ የሚዘጋው ማያያዣ) ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ ጨርቅ ሲቀደድ ያህል ይሰማል፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ በአዝራር ማስቀየር ብዙ ወጪ የለውም።

ለአዲስ አበባ አየር ብቻ መግዛት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀንሳል። ይህን ቁጥር ይያዙና መድረሻዎን ያስሉ። ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለው አዋሽ ከእኛ ከተማ 9 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለችው ዲንሾ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ትቀዘቅዛለች፤ 4,000 ሜትር የሚደርሰው የባሌው የሳነቲ አምባ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በላይ ይለያል። ስለዚህ አራት ኪሎ ላይ ቆሞ «ይበቃኛል» ያለ ሰው አንድም ያልበዋል፣ አንድም ይንቀጠቀጣል።

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ሌሊቱና ንጋቱ ስለሚበርድ ነው፤ በዚያው ቀን 5 ሰዓት ላይ ግን ፀሐዩ ያቃጥላል። እንዲህ ላለው አየር አንድ ወፍራም ካፖርት ትልቅ ስህተት ነው። ከሥር ላብ የሚያደርቅ ስስ ልብስ፣ ከላዩ ቀለል ያለ ፍሊስ፣ ከዚያ ነፋስ የሚከለክል ያለ ገበር የተሰፋ ጃኬት መደራረብ፣ ሲሞቅም አንድ በአንድ ማውለቅ ይሻላል። ፍሊስ ሲገዙ በካሬ ሜትር የሚመዝነውን ግራም ይጠይቁ፤ 100 ገደማ የሆነው ለመንገድ፣ 200 ገደማ የሆነው ተቀምጦ ለመጠበቅ ይሆናል። ጥጥ ሹራብ ከሥር አይልበሱ። ጥጥ ላቡን ይዞ ይቀራል፤ ዳገት ወጥተው ሲቀመጡ ያው ላብ ያቀዘቅዝዎታል። ሱፍ ግን ረጥቦም ቢሆን ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ስለዚህ ከሰልባጅ የተገኘ ቡናማ የሱፍ ሹራብ ከብዙ አዲስ ጃኬት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

«ውሃ አያስገባም» የሚለውን ማመን

ሻጭ ጃኬቱ ላይ ውሃ ጠብ አድርጎ፣ ጠብታው እንደ ዶቃ ሲንከባለል ያሳየናል። ይህ የሚያሳየው ከላይ የተቀባውን ቅባት ብቻ ነው፤ ቅባቱም ከጥቂት እጥበት በኋላ ይለቃል። እውነተኛው መከላከያ ከውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ነው። ጎርቴክስ የሚባለው ዓይነት ቦብ ጎር በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባገኘው ቁስ ላይ ተመሥርቶ የተጀመረ ሲሆን፣ ውሃን አግዶ የላብ እንፋሎትን ያሳልፋል። ምልክቱ ላይ 10,000 ሚሊ ሜትር የሚል ካዩ፣ ጨርቁ 10 ሜትር ከፍታ ያለውን የውሃ ዓምድ ግፊት ይችላል ማለት ነው። ምልክቱ በሐሰት ሊታተም ስለሚችል ጃኬቱን ገልብጠው ስፌቱን ይዳስሱ፤ በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ቀጭን ሪባን ካልተለጠፈ ውሃው በመርፌው ቀዳዳ ይገባል። በበጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሙሉ በሙሉ የታሸገ ጃኬት ከውጭ ዝናብ ሳይኖር ከውስጥ በላብ ያረጥባል፤ ድምፁም ይበዛል። ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ስስ የዝናብ ልብስ ይበቃል።

ልኩን ቆሞ መለካት

መስታወት ፊት ቆመው ልክ የሆነው ጃኬት ሲያጎነብሱ ጀርባዎን ያጋልጣል። ሹራብ ከሥር ለብሰው ይለኩት፤ ቁጢጥ ይበሉ፤ ሁለት እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉ። የእጅጌው ጫፍ አንጓዎን ሸፍኖ ከቀረ ልክዎ ነው። እጅና ፊት ከሰውነት ሁሉ ይበልጥ የሚንቀሳቀሱና የሚያብረቀርቁ ስለሆኑ፣ ስስ ጓንትና ሰፊ ባርኔጣ ከዥጉርጉር ጃኬት የበለጠ ይጠቅማሉ።

ዚፑን ሳይፈትኑ መክፈል

ጥሩ ጃኬት ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በዚፑ ነው። ዋይኬኬ (YKK) የሚል የታወቀ የዚፕ አምራች ጽሑፍ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ጽሑፉን አስመስለው የሚያትሙ አሉ። ዐሥር ጊዜ ይክፈቱና ይዝጉት፤ አንዴ እንኳ ከያዘ ይተዉት። ስፌቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር 3 ወይም 4 ጊዜ የተወጋ፣ ብብቱ ላይ ደግሞ ድርብ መሆን አለበት። በሰልባጅ ልብስ ላይ ክርንና ትከሻን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱ፤ ብርሃን ካሳለፈ ጨርቁ ሳስቷል።

እንደ ሌላ ልብስ ማጠብና ማስቀመጥ

በመጨረሻ፣ በጥንቃቄ የተመረጠው ጃኬት ቤት ገብቶ የሚበላሽበት መንገድ አለ። ቡና ሲፈላና ዕጣን ሲጨስ በሩ ጀርባ ተሰቅሎ ከዋለ፣ ነፋሱ ከዞረ እንስሳው ከሩቅ ያሸተዋል። በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ይስቀሉት። ከዚህ የባሰው ግን ሳሙናው ነው። ብዙ የዱቄት ሳሙናዎች ልብስን «ነጭ» የሚያስመስል አብሪ ንጥረ ነገር አለባቸው፤ ይህም የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሳል። የብዙ ባለ ሰኮና እንስሳት የዓይን ሌንስ ደግሞ፣ የእኛ የሚያግደውን ያንኑ ጨረር በከፊል ያሳልፋል። ስለዚህ አፈር የመሰለው ጃኬትዎ በንጋት ደብዛዛ ብርሃን ለአጋዘኑ ሰማያዊ ሆኖ ሊፈካ ይችላል።

ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ባለ ሱቆች የብር ኖት ሐሰተኛ መሆኑን የሚመረምሩበትን ሐምራዊ መብራት ይዋሱና ጨለም ባለ ቦታ በጃኬቱ ላይ ያብሩበት። ጨርቁ ጨለማ ሆኖ ከቀረ ደኅና ነው። እንደ ነጭ ሸሚዝ ከፈካ ግን አዲስም ቢሆን ለዱር አይሆንም፤ ያልፈካውን ይግዙ፤ ቤትዎም አብሪ በሌለው ተራ የገላ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ በእጅዎ ይጠቡት።