ከተኩስ በኋላ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ዘይት

ተኩሶ መጥቶ መሣሪያውን እንዳለ ጥግ የሚያስደግፍ አለ፤ ሳይወለውል እንቅልፍ የማይወስደውም አለ። በዘመናዊ ጥይት ከሆነ እኔ ወደ ሰነፎቹ አደላለሁ፣ ነገ ቢጸዳም ምንም አይሆንም። ከድሮ የተረፈ የሶቪየት ጥይት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የብዙዎቹ ማቀጣጠያ (ከጥይቱ ቂጥ ያለው፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ኬሚካል አለበት፣ ሲቃጠል ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላዋል፣ በክረምትማ ዝገቱ በማግስቱ ሊታይ ይችላል። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ፣ ከዚያ በርሜሉ ውስጥ የቀረ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ባሩድ የነካውን ሁሉ በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁና ስስ ዘይት ቀቡት። ስስ ነው ያልኩት፣ ዘይት ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል። «የክላሽ በርሜል ውስጡ በክሮም የተለበጠ ነው፣ አይዝግም» የሚሉ አይጠፉም። ክሮሙስ ይረዳል፣ ግን ሁሉም ክፍል ክሮም የለውም።

ጥላሸቱ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበትና እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ። የጠረጋችሁበትንም ጨርቅ ልጆች ከሚደርሱበት አርቁት።